ኢንተግሬሽን ባይ ፓርትስን ከመነሻው የተማርኩበት መንገድ

ደብረ ብርሃን የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ከካልኩለስ ትምህርት ብዙ የደከምኩበት ኢንተግሬሽን ባይ ፓርትስ፣ ማለትም የሁለት ፈንክሽኖችን ብዜት ኢንተግራል (የደሪቬቲቭን ተገላቢጦሽ) የማግኛ ዘዴ ነው። ቀመሩ አጭር ነው፤ ዩ እና ቪ ሁለት ፈንክሽኖች፣ ዲዩ እና ዲቪ ደግሞ የየራሳቸው ደሪቬቲቭ (የለውጥ መጠን) በዲኤክስ ሲባዛ ከሆኑ፣ የዩ ዲቪ ኢንተግራል ማለት ከዩ እና ከቪ ብዜት ላይ የቪ ዲዩ ኢንተግራል ሲቀነስ ማለት ነው። በቃል መያዙ ባይከብድም ከየት እንደ መጣ ሳላውቅ ልሠራበት አልወደድኩም፤ ስለዚህ ውርጭ በሚጥልባቸው የኅዳር ምሽቶች ጋቢዬን ተከናንቤ መነሻውን መፈለግ ጀመርኩ።

መነሻው ቀድሞ የማውቀው የብዜት ደሪቬቲቭ ሕግ ሆኖ አገኘሁት። የዩ ቪ ደሪቬቲቭ፣ የዩ ደሪቬቲቭ በቪ፣ የቪ ደሪቬቲቭ ደግሞ በዩ ተባዝተው ሲደመሩ ነው። የእኩልታውን ግራና ቀኝ ኢንተግሬት አድርጎ አንዱን ኢንተግራል ወደ ማዶ ማሻገር ብቻ ቀመሩን ይሰጣል። እንግሊዛዊው ብሩክ ቴይለር በ1715 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ይህ ዘዴ፣ እንግዲህ፣ የታወቀ ሕግ ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ ነው።

ከዚህ የተረዳሁት ዘዴው አንዱን ኢንተግራል በሌላ ኢንተግራል እንደሚለውጥ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ አዲሱ ይቀልላል ወይስ ይከብዳል የሚለው ነው። ኤክስ በኮሳይን ኤክስ ሲባዛ ዩ ኤክስ ከተባለ፣ ደሪቬቲቩ 1 ስለሆነ የሚቀረው የሳይን ኢንተግራል ብቻ ነው፤ ውጤቱም ኤክስ ሳይን ኤክስ ሲደመር ኮሳይን ኤክስ፣ ከዚያም ቋሚ ቁጥር ነው። ምርጫው ከተገለበጠ ግን ኤክስ ስኩዌር ይመጣና ሥራው ይብሳል። ዩን ለመምረጥ ሎጋሪዝምን አስቀድም የሚለው የተለመደ ቅደም ተከተል ይረዳል፤ እኔ ግን ደሪቬቲቩ የሚቀልለው የትኛው ነው ብሎ መጠየቅን አስበልጣለሁ። የናቹራል ሎጋሪዝም ኢንተግራል ላይ ብዜት የለም ቢመስልም፣ በ1 ተባዝቷል ብሎ ዲቪን ዲኤክስ ማድረግ በቂ ነው።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ኤክስፖኔንሻል (ኢ በኤክስ ኃይል) በኮሳይን ኤክስ የተባዛበት ነው። ዘዴው ሁለት ጊዜ ሲሠራበት የተነሣንበት ኢንተግራል በኔጌቲቭ ምልክት ተመልሶ ይመጣል፤ ወደ ግራ ሲሻገር እጥፍ ይሆናል፣ ለ2 ሲካፈልም መልሱ ይገኛል። ነገር ግን በመጀመሪያው ዙር ዩ ኤክስፖኔንሻሉ ከነበረ በሁለተኛውም እርሱው መሆን አለበት፤ አለዚያ የተሠራው ሁሉ ተጣፍቶ ዜሮ እኩል ይሆናል ዜሮ ብቻ ይቀራል።

ዛሬ ከሸዋ ሮቢት የመጣውን የአክስቴን ልጅ ሳስጠናው፣ «ጋሼ፣ ቪን ስናገኝ ቋሚ ቁጥሩን ለምን አንጨምርም?» ብሎ ጠየቀኝ። ጨምረን ሠራነው፤ ቋሚው በዩ ተባዝቶ አንድ ጊዜ ይደመራል፣ አንድ ጊዜ ይቀነሳል፣ ስለዚህ ይጠፋል። ይህ ነጻነትም ይጠቅማል፤ የኤክስ ሲደመር 1 ሎጋሪዝም ሲሰጠን ቪን ኤክስ ሳይሆን ኤክስ ሲደመር 1 ካደረግነው፣ ክፍልፋዩ ተቃልሎ የሚቀረው የ1 ኢንተግራል ብቻ ነው።