«እግዱን ጥሷል» ማለት ብቻ አያሳስርም፦ በህንድ ፍርድ ቤቶች ከእስር በፊት ምን መረጋገጥ አለበት?

በህንድ በፍትሐ ብሔር ክርክር የተሰጠን እግድ የጣሰ ሰው ሊታሰር ይችላል። ለዚህ የፖሊስ ምርመራም ሆነ የወንጀል ክስ አያስፈልግም፤ እግዱን የሰጠው ፍርድ ቤት ራሱ ያስረዋል። ብዙ አመልካቾች ግን «ተጠሪው እግዱን ጥሶ አጥር ሠርቷልና ይታሰርልኝ» የምትል አንቀጽ ጽፈው ፎቶ አያይዘው ይመጣሉ። እንዲህ ያለው አቤቱታ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ቢያልፍ እንኳ በላይኛው መፍረሱ አይቀርም። መፍረሱም ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሰው ነጻነት በአንድ ወገን ቃል ብቻ ሊወሰድ አይገባም። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የሚለየው የእግዱ ዓይነት ነው። ክርክሩ ሳያልቅ የተሰጠ ጊዜያዊ እግድ ከሆነ መንገዱ የ1908ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ኦርደር 39 ሩል 2ኤ ነው («ኦርደር» የሕጉ ምዕራፍ፣ «ሩል» በሥሩ ያለው ደንብ ነው)። በዚህ ድንጋጌ ፍርድ ቤቱ የጣሹን ንብረት ሊይዝ፣ ሰውየውንም ቢበዛ እስከ 3 ወር በፍትሐ ብሔር እስር ሊያቆየው ይችላል። የንብረቱ መያዝ ከ1 ዓመት በላይ አይዘልቅም፤ ጥሰቱ እስከዚያ ካልቆመ ንብረቱ ተሸጦ ለተጎጂው ካሳ ሊከፈል ይችላል። ክርክሩ አልቆ በፍርድ የተሰጠ ዘላቂ እግድ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የአፈጻጸም ነው፤ መንገዱም ኦርደር 21 ሩል 32 ነው። የመጨረሻ ፍርድ ይዞ በ2ኤ ማመልከት፣ ወይም በጊዜያዊ እግድ የአፈጻጸም መዝገብ ማስከፈት በከንቱ ወራት ይበላል። በቀጥታ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄዶ በ1971ዱ የችሎት መድፈር ሕግ ማመልከትም ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ ፍርድ ቤቶቹ «በሥነ ሥርዓት ሕጉ የተዘጋጀ መፍትሔ እያለህ ለምን እዚህ መጣህ?» ብለው ይመልሳሉ።

የሩል 32 ቃል ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የፍርድ ባለዕዳው (እግዱ የተፈረደበት ወገን) ፍርዱን ለመፈጸም ዕድል አግኝቶ ነበር፣ ሆን ብሎም አልፈጸመም። በፌብሩዋሪ 2025 ዳኞች ጄ. ቢ. ፓርዲዋላ እና አር. ማሃዴቫን የተቀመጡበት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ችሎት የወሰነው ጉዳይ በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ላይ ያተኮረ ነው። የመሬት ክርክር ነበር፤ ዘላቂ እግዱ በ1976 ተፈርዶ የአፈጻጸም አቤቱታው የቀረበው በ2017 ነው። የአፈጻጸም ችሎቱ እስርና የንብረት መያዝ አዘዘ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም አጸናው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ትዕዛዙን ሻረ። ሆን ተብሎ መጣሱን የማስረዳት ሸክሙ የፍርድ ባለመብቱ (እግዱ የተፈረደለት ወገን) ነው፤ የአፈጻጸም ችሎቱም ለፍርድ ባለዕዳው የመሰማት ዕድል ሰጥቶ፣ በማስረጃ ረክቶ እንጂ በአቤቱታ ብቻ ወደ እስር ሊሄድ አይችልም አለ። የአርባ ዓመቱ መዘግየት በራሱ ግን አቤቱታውን አይዘጋም፤ በይርጋ ሕጉ አንቀጽ 136 መሠረት ዘላቂ እግድን ለማስፈጸም የይርጋ ጊዜ የለም። ያም ሆኖ ከአርባ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው ዛሬ በቦታው ያለው ማን እንደሆነ፣ ያ ሰው ስለ ፍርዱ ያውቅ እንደሆነ፣ ምን እንዳደረገ አንድ በአንድ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

የሩል 2ኤ ጽሑፍ «ሆን ብሎ» የሚል ቃል የለውም። ይሁን እንጂ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2009 የህንድ የምግብ ኮርፖሬሽን በነበረበት ጉዳይ ሥልጣኑ የቅጣት ባሕርይ ያለውና ለችሎት መድፈር የቀረበ በመሆኑ በከፍተኛ ጥንቃቄ እንዲሠራበት አሳስቧል። በ2019 ደግሞ ክሱ የወንጀል ተጠያቂነት ባሕርይ ስላለው ተራ አለመታዘዝ አይበቃም፣ ሆን ተብሎ መሆኑ ለፍርድ ቤቱ በሚያረካ ሁኔታ መረጋገጥ አለበት ብሏል። ስለዚህ በሁለቱም መንገድ የሚሄድ ሰው ለአንድ ዓይነት ፈተና ይዘጋጅ።

ፈተናው የሚጀምረው ከትዕዛዙ ቃል ነው። «ነባሩ ሁኔታ ይጠበቅ» የምትል አጭር ትዕዛዝ ለማስፈጸም እጅግ ታስቸግራለች። የቱ ቀን የነበረው ሁኔታ? ግማሹ የተሠራ ግንብ መጨረስ ክልክል ነው ወይስ አይደለም? ትዕዛዙ ሁለት ትርጉም ከያዘና ተጠሪው አንዱን በቅን ልቦና ከተከተለ ሆን ብሎ ጥሷል ማለት ይከብዳል። መድኃኒቱ እግዱ በሚሰጥበት ዕለት ነው የሚገኘው፦ የሰርቬይ ቁጥሩ (የመሬቱ መለያ ቁጥር)፣ አራቱ አዋሳኞች፣ የተከለከለው ድርጊት በስሙ (መገንባት፣ መቆፈር፣ ለሦስተኛ ወገን መሸጥ) በትዕዛዙ ውስጥ እንዲጻፍ መጠየቅ፣ ንድፉንም ከትዕዛዙ ጋር ማያያዝ። ያ ካለፈ ለጥሰት ከማመልከት በፊት ማብራሪያ መጠየቅ ይሻላል።

ቀጥሎ ማወቁ። ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው እዚህ ነው። ትዕዛዙ ሰኞ ተሰጠ እንበል፤ ቅጂው ለተጠሪው የደረሰው ዓርብ ነው፤ ግንቡ ያለቀው ረቡዕ ነው። ተጠሪው ረቡዕ ዕለት ትዕዛዙን ማወቁ በሌላ መንገድ ካልተረጋገጠ በዚያ ግንብ የሚታሰርበት ምክንያት የለም። ማወቁን የሚያሳየው ማስረጃ የመጥሪያ አድራሹ ሪፖርት፣ የሪኮማንዴ ፖስታ መመለሻ ካርድ፣ ወይም ከሁሉ የሚበልጠው ጠበቃው በዕለቱ ችሎት መቅረቡን የመዘገበው የችሎት መዝገብ ነው። እግዱ ተጠሪው በሌለበት የተሰጠ ከሆነ የኦርደር 39 ሩል 3 ግዴታ አለ፦ አመልካቹ የማመልከቻውን፣ የቃለ መሐላውን፣ የክሱንና የሰነዶቹን ቅጂ ወዲያው ማድረስ ወይም በሪኮማንዴ መላክ፣ ይህን ማድረጉንም በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ በቃለ መሐላ ለፍርድ ቤቱ ማሳወቅ አለበት። ይህን የዘለለ አመልካች የእውቀት ማስረጃውን በገዛ እጁ አጥፍቷል፤ ተጠሪውም የመጀመሪያ መከላከያው አድርጎ ያነሣዋል።

ድርጊቱን ለማስረዳት ከፎቶ በፊት የአካባቢ ኮሚሽነር ይታሰብ። በኦርደር 26 ሩል 9 ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ኮሚሽነር ሾሞ ቦታውን ያስመረምራል፤ በሩል 10 መሠረት ሪፖርቱ ራሱ ማስረጃ ነው፣ ኮሚሽነሩም ሊጠየቅበት ይችላል። ጥቅሙ ያለው በሁለት ሪፖርቶች መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው። እግዱ እንደተሰጠ የተጻፈው ሪፖርት «በምሥራቅ ወሰን 4 ጫማ ከፍታ ያለው፣ ያልተለሰነ የጡብ ግንብ» ካለ፣ ሁለተኛው ደግሞ «7 ጫማ፣ የተለሰነ» ካለ ብዙ ክርክር ይዘጋል። መጀመሪያ ምን እንደነበረ ያልተመዘገበበት ቦታ ግን «ቀድሞም እንዲሁ ነበር» የሚለው መልስ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ልኩ ከማይንቀሳቀስ ነገር ይጀምር፤ ከወሰን ድንጋይ፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ ወይም ከጎረቤት ቤት ማዕዘን። «ከበሩ 12 ጫማ» ተብሎ በሩ ራሱ ሲነሣ የሆነውን አስቡት። ለኮሚሽነር የሚቀርበው ማመልከቻም በጥንቃቄ ይጻፍ፦ «ማን እንደያዘው ያጣራልኝ» ካለ ፍርድ ቤቱ ማስረጃ ልታሰባስብበት ነው ብሎ ይከለክላል፤ «አሁን ያለውን አካላዊ ሁኔታ ይመዝግብ» የሚለው የተሻለ ዕድል አለው።

ፎቶና ቪዲዮ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የህንድ የማስረጃ ሕግ፣ በባራቲያ ሳክሺያ አዲኒያም ክፍል 63 ይመራሉ። ከፋይሉ ጋር የሚቀርበው የምስክር ወረቀት ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱን መሣሪያውን የሚቆጣጠረው ሰው፣ ሌላውን ባለሙያ ይሞላሉ፤ የፋይሉ ሃሽ ቁጥርም (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) ይጻፍበታል። የተለመደው ጥፋት ቪዲዮውን በዋትስአፕ ለጠበቃው ልኮ የመጀመሪያውን ከስልኩ ማጥፋት ነው። ዋትስአፕ ፋይሉን ስለሚያምቅ ከተላከው ጋር የተነሣበት ቀን መረጃ አብሮ ላይመጣ ይችላል፣ ሃሽ ቁጥሩም ይለወጣል። ስልኩ ይቀመጥ፤ ዋናው ፋይል አይነካ።

ለፖሊስ የተሰጠ አቤቱታ የሚያስረዳው አመልካቹ በዚያ ቀን ማመልከቱን እንጂ ድርጊቱ መፈጸሙን አይደለም። ይህ ደጋግሞ ይረሳል።

ከዚያ የማነው ጥፋት ይመጣል። አምስት ወንድማማቾች በተከሰሱበት መዝገብ «ተጠሪዎች ጥሰዋል» ብሎ አምስቱንም ለማሳሰር መሞከር አቤቱታውን ያሳንሰዋል። ማን ሠራተኛ አመጣ? ማን ቆሞ አዘዘ? በሌላ ከተማ የሚኖረው ምን አደረገ? እያንዳንዱ በስሙ፣ በቀኑ፣ በድርጊቱ ይጻፍ። ድርጅት ከሆነ የኦርደር 39 ሩል 5 እግዱን ከድርጅቱ አልፎ ድርጊታቸው የሚከለከለውን አባላትና ሹማምንት ጭምር እንዲይዝ ያደርገዋል፤ በፍርድ አፈጻጸም ደግሞ ዳይሬክተሮችን ወይም ዋና ኃላፊዎችን ለማሰር በሩል 32(2) የፍርድ ቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሆን ብሎ መሆኑ ከሰው ልብ ስለማይነበብ ከዙሪያው ነው የሚወጣው። ማስጠንቀቂያ ደርሶት ሥራው ቀጠለ? በበዓል ቀን ወይም በሌሊት ተሠራ? ቦታውን በሚያይ ኮሚሽነር ፊት ቆሞ ኋላ ካደ? በተቃራኒው ዝናብ የጣለውን ግንብ መደገፍ፣ ወይም ቀድሞ ውል የገባ ኮንትራክተር ባለቤቱ ሳያውቅ ያደረገው ነገር ከእስር ያድናል። ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ጠበቃ እነዚህን ሊመጡ የሚችሉ መልሶች አስቀድሞ አስቦ በማስረጃው መዝጋት አለበት።

ተጠሪው ከካደ ቃለ መሐላ ብቻውን ይበቃል ብሎ ማሰብ አደጋ አለው። መልስ ይቀበል፣ ምስክር ይሰማ፣ መስቀለኛ ጥያቄ ይጠየቅ። አመልካቹ ራሱ ይህን ማሳሰብ አለበት፤ ተጠሪው ሳይሰማ የተገኘ የእስር ትዕዛዝ በይግባኝ የመጀመሪያው ቀን የሚያስጨንቀው አመልካቹን ነው። ተጠሪም ቢሆን «እግዱ ኋላ ተነሥቷል» ወይም «ፍርድ ቤቱ ሥልጣን አልነበረውም» በሚለው ላይ አይመካ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1997 እግዱ ጸንቶ በቆየበት ጊዜ የተፈጸመ ጥሰት ኋላ በተገኘ የሥልጣን ጉድለት እንደማይሰረዝ ወስኗል። እግዱ ትክክል አይደለም ያለ ሰው በኦርደር 39 ሩል 4 እንዲነሣ ወይም እንዲሻሻል ያመልክት።

ምን ይጠየቅ የሚለው ላይ የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፦ እስር በመጨረሻ ይጻፍ። ከ1998 ጀምሮ እስር ንብረት ባይያዝም ሊታዘዝ እንደሚችል ቢታወቅም፣ የፈረሰው አጥር በእስር አይመለስም። በፍርድ አፈጻጸም ላይ ሩል 32(5) ድርጊቱ በባለዕዳው ወጪ እንዲፈጸም ይፈቅዳል፤ በ2002 የተጨመረው ማብራሪያም ይህ ለከልካይ እግድ ጭምር እንደሚሠራ ግልጽ አድርጓል። ስለዚህ መጀመሪያ ማፍረስና መመለስ፣ ቀጥሎ ንብረት መያዝ፣ ሁለቱ ካልሠሩ እስር።

እስር ከታዘዘ በኋላ ያለው መንገድም ይለያያል። በ2ኤ የተሰጠ ትዕዛዝ በኦርደር 43 ሩል 1(አር) ይግባኝ አለው። በፍርድ አፈጻጸም የታዘዘ እስር ግን በክፍል 104(1)(ኤች) ከይግባኝ ውጭ ስለተደረገ የሚሄደው ትዕዛዙ እንዲታረም በሚቀርብ ማመልከቻ ወይም ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሥር ፍርድ ቤቶችን በሚቆጣጠርበት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 227 ወደዚያው ፍርድ ቤት ነው። በአፈጻጸም የፍርድ ባለመብቱ የእስረኛውን የቀለብ ገንዘብ አስቀድሞ ለፍርድ ቤት ካላስገባ ባለዕዳው አይያዝም፤ ለመያዝም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እስክትወጣ ድረስ መኖሪያ ቤት አይገባም።

ትዕዛዙ ሲጻፍ አመልካቹ ዳኛውን በአክብሮት ሊጠይቀው የሚገባው ነገር አለ፦ የተጣሰው የእግዱ ቃል፣ ተጠሪው ያወቀበት ቀንና ማስረጃው፣ የጣሰበት ቀንና ድርጊቱ፣ መታዘዝ ይችል እንደነበር፣ ሆን ብሎ መሆኑ የተደረሰበት ምክንያት፣ እስሩ ለምን ያህል ቀን እንደሆነና ከዚያ ያነሰ እርምጃ ለምን እንዳልበቃ፣ እያንዳንዱ በየተጠሪው ስም ተለይቶ ይመዝገብ።