ከጀርመን ዩኒቨርሲቲ ጋር አንድ ኮርስ በኦንላይን አብረን ያስተማርነው እንዴት ነው?

ዩኒቨርሲቲያችን ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተፈራረማቸው የመግባቢያ ሰነዶች ብዙ ናቸው። ኃላፊዎቹ ይጨባበጣሉ፣ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይወጣል፣ ሰነዱ መሳቢያ ይገባል። እኔ ሰነድ አልጠበቅኩም። ጀርመን ውስጥ እንደኔው ሪሞት ሴንሲንግ፣ ማለትም መሬትን በሳተላይት ምስል ማጥናት ለሚያስተምር መምህር አጭር ኢሜይል ጻፍኩ። ፕሮጀክት እንቅረጽ፣ ገንዘብ እናፈላልግ አላልኩትም። የሁለታችን ተማሪዎች አንድ አሳይመንት አብረው ይሥሩ፣ በቃ።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። የኒውዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 ለዚሁ ሥራ ማዕከል ከፍቷል፤ ዘዴውን ኮይል ይሉታል። ሁለት መምህራን ክፍሎቻቸውን ያገናኛሉ፣ ተማሪው ግን የሚመዘገበውም ውጤት የሚያገኘውም እዚያው በራሱ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለእኛ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። የጋራ ዲግሪ እንክፈት ብንል ኖሮ ሴኔቱ፣ ካሪኩለሙ፣ ዕውቅናው እየተባለ ስንት ዓመት በፈጀ። የእኛ ግን በነባር ኮርስ ውስጥ 30 ማርክ የሚይዝ አሳይመንት ስለሆነ የዲፓርትመንት ስብሰባ አለፈና አለቀ። ማርክ ከሌለው ደግሞ ተማሪ አይመጣም፤ እዚህም እዚያም ያው ነው።

ካላንደሩ ትንሽ ያታግላል። እነሱ የበጋ ሴሚስተር የሚሉት መጋቢት መጨረሻ ወይም ሚያዝያ ላይ ይጀምራል፣ የእኛ ሁለተኛ ሴሚስተር ያኔ ተጋምሷል፣ በመሃል ደግሞ ፋሲካ አለ። የአውሮፓ ሰዓትም መጋቢት ውስጥ ስለሚቀየር የሁለት ሰዓት ልዩነታችን ወደ አንድ ይወርዳል። ስለዚህ የስብሰባ ሰዓት ስትጽፉ ሁልጊዜ በሁለቱም አገር አቆጣጠር ጻፉት።

ኢንተርኔቱን ታውቁታላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት ሳተላይት የሆነው ሴንቲኔል-2 የሚያነሳው ምስል ነፃ ነው፣ ግን የአንዱ ፋይል ብቻ ከ500 ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላል። ይህን ተማሪ በራሱ ፓኬጅ ያውርድ ማለት ግፍ ነው። ጀርመኖቹ የምንፈልጋትን ወረዳ ብቻ ቆርጠው ይልኩልናል፣ ከበድ ያለውን ስሌት ደግሞ ጉግል ኧርዝ ኢንጅን ላይ እንሠራዋለን፤ ሥራው የሚካሄደው ጉግል ሰርቨር ላይ ስለሆነ ወደ እኛ የሚመጣው ውጤቱ ነው። የቀጥታ ዙም አሳንሰናል። ሌላው ሁሉ በቴሌግራም ግሩፕ ነው፣ በድምፅ መልእክትና በትንንሽ ፋይል። መብራት የጠፋበትም ማታ ገብቶ ያዳምጣል።

አሁን ወደ ጣፋጩ ልምጣ። ያጠናነው ደቡብ ጎንደርን ነው። ከጀርመኖቹ አንዱ ምስሉ ላይ ተበታትነው የሚታዩትን ክብ ክብ ጥቁር አረንጓዴ ቦታዎች አይቶ በመስኖ የሚለማ ክብ እርሻ መሰለው። አንዷ ተማሪዬ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ “ቤተ ክርስቲያን እኮ ነው! መሃል ያለችው ነጭ ነጥብ ቆርቆሮው ናት” አለች። ሌላው ቡድን ደግሞ ከድሮ ምስል ጋር አወዳድሮ ደኑ እየጨመረ ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሶ ነበር። የእኛ ልጆች ተቃወሙ። ባህር ዛፍ ነው፣ ገበሬው የጤፍ መሬቱን ትቶ የተከለው፣ ይሄማ ደን አይባልም አሉ። ክርክሩ ከሳምንት በላይ ሄደ፣ ምስሉ ላይ የቱ ደን፣ የቱ እርሻ እንደሆነ የመለየቱ ሥራ እንደገና ተሠራ። ከዚያ ወዲህ የእኛ ተማሪዎች እንደ ተረጂ መቀመጣቸው ቀረ። ለዚህ ነው አጋር ስትፈልጉ የእናንተ ተማሪ ብቻ የሚያውቀው ነገር ያለበትን ርዕስ ምረጡ የምለው፤ ካልሆነ የነሱን ሌክቸር ማዳመጥ ብቻ ይሆናል፣ እሱማ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል።

ኦንላይን ሁሉን ይተካል የሚሉኝን ግን አልሰማም። የአዲስ አበባና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. በ2003 የሥነ አእምሮ ስፔሻሊቲ ሥልጠና አብረው ሲጀምሩ የካናዳ መምህራን በየተራ እየመጡ በሽተኛው አጠገብ ቆመው ነው ያስተማሩት። ሐኪሞቹ አገራቸው ውስጥ ሠለጠኑ። እንዲህ ያለው በዙም አይሆንም፤ የእኛ ዓይነቱ የካርታ ሥራ ይሆናል።

እስካሁን ያልተፈታው የወረቀት ጉዳይ ነው። የጀርመኖቹ ተማሪዎች ሥራው በዩኒቨርሲቲያቸው ይመዘገብላቸዋል፣ የእኛዎቹ ትራንስክሪፕት ላይ ግን ምንም የለም፤ ብጠይቅም ቦታ የለውም ተባልኩ። ለጊዜው ሁለታችን መምህራን የፈረምንበት ደብዳቤ እንሰጣለን። ያቺ ስለ ቆርቆሮው የተናገረችው ልጅ ከማስተርስ ማመልከቻዋ ጋር አያይዛ ልካዋለች፣ መልስ እየጠበቀች ነው።