ሲቸግር ጤፍ ብድር

ደብረ ብርሃን፣ ሰኔ 2017

ትናንት ጋሼ ከመሐል ሜዳ መጥተው እኛ ዘንድ አደሩ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። የሰኔ ብርድ እዚህ ቀልድ አያውቅም። ብርድ ልብስ ሳቀርብላቸው በሁለት ጣታቸው ነካ ነካ አድርገው «የቻይናው ነው?» አሉ። ገፋ አድርገውት የራሳቸውን ባና ተከናነቡ። የበግ ጠጉር ነው፤ ጭስ ጭስ ይሸታል፣ ግን ዝናብ አያሳልፍም።

የመጡት ዓይናቸውን ለመታየት ነው። ወሬያቸው ግን ማዳበሪያ ብቻ።

«አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ ንገረኝ። ዶላር ጨመረ ብለው ዩሪያው ላይ ይጨምራሉ። እኔ ዶላር በዓይኔ አይቼ አላውቅ!»

ምን ልበላቸው? ማዳበሪያው በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ ነው የሚገባው። በ2014 ዩክሬን ጦርነት ሲነሳ ዋጋው ሰማይ ነካ። ሐምሌ 2016 ደግሞ መንግሥት የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት፣ አይኤምኤፍ፣ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ያጸደቀው በዚያው ዕለት ነው።

«አስገድደውን ነው?»

«ኧረ ፈርመን ነው ጋሼ።»

ፈርመን ነው አልኩ እንጂ ለራሴም አልተዋጠልኝም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳይከፍል የቀረ አገር «አይሆንም» ቢል ማን ይሰማዋል?

«ሲቸግር ጤፍ ብድር» አሉና ዝም አሉ።

እሳቸው ሲተኙ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ትዝ አሉኝ። ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር የንግድ ውል የተፈራረሙት እዚሁ ጫጫ አጠገብ፣ አንጎለላ ላይ ነው። ዘመኑ 1834። ሰውየው ጠመንጃና መድፍ ይዞ ነበር የመጣው። ንጉሡ ስጦታውን ተቀበሉ፣ ፈረሙ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከፈረንሳዩም ጋር ተዋዋሉ። ብልጥ ናቸው። ደግሞስ ምን ቸገራቸው? ቤተ መንግሥታቸው የሚበላው የራሱን ገብስ ነው፤ ባናውም የመንዝ ነው። እንግሊዝ ቢቀየም የሚዘጋባቸው ነገር አልነበረም። እኛ ግን ለገብሱም ዩሪያ እንጠብቃለን።

ጠዋት መናኸሪያ ልሸኛቸው ስንወጣ ጋሼ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ያን የቻይናውን አምጣው እስቲ። ለልጅ ልጄ ይሆናል። ባና የሚሸምን ጠፍቷል እኮ።»

አጥፌ በፌስታል አስያዝኳቸው።