የማን ልጅ እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ ሜትሬን እዘረጋለሁ

አባቴ የአዲስ አበባ የቀለበት መንገድ ሲሠራ ከቻይና የመጣ ባለሙያ ነበር፤ መንገዱ ሲያልቅ እርሱ ወደ አገሩ ተመለሰ፣ እኔ በእናቴ እጅ አደግሁና ዛሬ በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ የበርና የመስኮት ብየዳ እሠራለሁ። አካባቢው ገና በመገንባት ላይ ስለሆነ ሥራ አይጠፋም፤ ይሁን እንጂ አዲስ ደንበኛ ሲገባ ከበሩ አስቀድሞ ስለ መልኬ ይጠይቃል፣ ቀጥሎም የሚበይደውን ወንድ በዓይኑ ይፈልጋል።

እናቴ ስለ እኔ ለጠየቃት ሁሉ ስታብራራ አይቼ ስላደግሁ፣ አንዱ ማብራሪያ ሌላውን እንደሚጎትት አውቃለሁ። ስለዚህ «የማን ልጅ ነሽ?» ስባል «የእናቴ» ብዬ ሜትሬን እዘረጋለሁ። አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ወንዶቹ የሉም እንዴ?» ሲሉኝ፣ «አባባ፣ እስቲ ይህችን ጫፍ ይያዙልኝ» አልኳቸውና ተሠርቶ የቆመውን ክፈፍ ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን በሰያፍ በሁለቱም አቅጣጫ አብረን ለካን፤ ቁጥሩንም ራሳቸው አነበቡ። ሁለቱ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ ክፈፉ ተጣሟል፣ በሩም በወጉ አይገጥምም። ቀጭን ቱቦላሬን፣ ማለትም ውስጡ ክፍት የሆነውን ብረት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) በቀላሉ ስለሚበሳው በ2.5 እንደምሠራ፣ ሙቀቱ ብረቱን እንዳይስበውም አስቀድሜ ማዕዘኖቹን በነጥብ በነጥብ እንደምይዝ ሳስረዳቸው፣ ስለ ወንዶቹ ዳግም አላነሱም። ደንበኛን ከመሟገት ይልቅ ሥራው ውስጥ ማስገባት እንደሚሻል የተረዳሁት እንዲህ ነው።

ረዳቴ ወንድ በመሆኑ ዋጋ የሚጠየቀው እርሱ ነበር። «እሷን ጠይቋት» ብሎ ሥራውን እንዲቀጥል ተስማማን፤ ከዚህ በላይ ንግግር አላስፈለገም።

ከሁሉ የከበደኝ የመታወቂያ ጉዳይ ነበር። በአንድ ጽሕፈት ቤት የነበረ ሠራተኛ «አባትሽን ይዘሽ ነይ» ሲለኝ ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6 ከወላጆቹ ሁለቱም ወይም አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ የዜግነት አዋጁም፣ ቁጥር 378/1996፣ ይህንኑ ይደግማል። ሁለቱን ገጾች ፎቶ ኮፒ አድርጌ ከእናቴ መታወቂያ ጋር ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። እንደ እኔ እምነት፣ እንዲህ ያለው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚፈራው አለቃውን እንጂ እኛን አይደለም፤ ለአለቃው የሚያሳየው ወረቀት ሲያገኝ ይለዝባል። የእኔው ሰው ወረቀቶቹን ይዞ ገባ፣ ተመልሶም ፎርሙን ሰጠኝ።

አክስቴ ቱታ ለብሼ ስታየኝ «ማን ያገባሻል?» ማለቷን አልተወችም። ለጓዳዋ በር ሠርቼላታለሁ፤ ስለ ባል እየጠየቀችኝም ጎረቤቶቿን ወደ እኔ ትልካለች። እነርሱም ቢሆኑ ግማሽ ክፍያ ሳያስቀድሙ ብረት አልቆርጥም።