13 ጫማ ከ10 ኢንች
እዚህ አሜሪካ ሐበሻ ቡና ላይ ከተሰበሰበ ወሬው ትራክ ነው። እገሌ ትራክ ገዛ፣ እገሌ ካሊፎርኒያ ጭኖ ሄደ፣ እገሌማ ቤቱን ከፍሎ ጨረሰ። እኔም የታክሲው ሥራ ሲመረኝ «ሲዲኤል ላውጣ» ብዬ፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ማለት ነው፣ ትምህርት ቤት ገባሁ።

የመንዳት ፈተናው ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያ መኪናውን መፈተሽ፣ ቀጥሎ ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ መንዳት፣ መጨረሻ ላይ አስፋልት። አስተርጓሚ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ፍተሻውን እንደ ዳዊት ሸመደድኩት። እያንዳንዱን ዕቃ እየነካህ «አልተሰነጠቀም፣ አልጎበጠም፣ አልተሰበረም» ማለት አለብህ። አንድ ጠዋት ባለቤቴ የድስቱን ጆሮ ይዤ «በደንብ ታስሯል፣ አልጎበጠም» ስል አግኝታኝ ለእናቷ ደወለች። ምን እንዳለቻቸው እስካሁን አልነገረችኝም፣ ግን ሰውየው ጸበል ይወሰድ ተብሏል መሰለኝ።

ብዙ ሰው የሚቀረው የአየር ፍሬኑ ላይ ነው። ሞተር አጥፍተህ፣ ፍሬን ረግጠህ አንድ ደቂቃ ትይዛለህ። ተሳቢ ካለህ አየሩ ከ4 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) በላይ መውረድ የለበትም። ከዚያ ፍሬኑን ደጋግመህ እየረገጥክ አየሩን ስታወርደው 60 አካባቢ ላይ ማስጠንቀቂያው መጮህ አለበት። አንዷን ከዘለልክ በቃ፣ ወደ ቤትህ። ይቺን አለፍኳት። ወደ ኋላ ስነዳም መስመሩን ለማሳየት ከተደረደሩት ኮኖች አንዱንም አልነካሁም።

ችግሩ የአብሮ አደጌ ምክር ነው። እሱ ትራክ ከጀመረ ቆይቷል፣ ሲመክርም አይቻልም። «ስማ፣ በድልድይ ስር ካለፍክ በኋላ ፈታኙ ቁመቱ ስንት ነበር ብሎ ሊጠይቅህ ይችላል። እሷን ያዝ፣ ሌላው ቀላል ነው» አለኝ።

ፈታኟ ጥቁር መነጽር ያደረገች፣ «ታጠፍ»ና «ቀጥል» ከማለት በቀር ትንፍሽ የማትል ሴትዮ ናት። ቀበቶዬን አሰርኩ፤ ሳታስር ከተንቀሳቀስክ እዚያው ወድቀሃል። ሐዲድ ተሻገርኩ፣ ማርሽ መቀየር ክልክል ስለሆነ እጄን እንኳ ወደዚያ አላስጠጋሁም። ከዚያ ድልድዩ መጣ። 13 ጫማ ከ10 ኢንች። ያዝኳት! ትጠይቀኛለች ብዬ ብጠብቅ ዝም። እኔ ግን እንዳትጠፋብኝ በሆዴ 13 ከ10፣ 13 ከ10 እያልኩ እነዳለሁ።

«መብራቱ ጋ ወደ ቀኝ» አለች። ፍሬቻ አበራሁ፣ ማዕዘኑን አለፍ ብዬ መሪውን ጠመዘዝኩ፣ የመኪናው አፍንጫ አምሮበት ዞረ። ተሳቢው ግን 53 ጫማ ነው። የኋላ ጎማው አንተ በሄድክበት አይሄድም፣ በአቋራጭ ነው የሚመጣው። ብቻ ከኋላ ከፍ ብሎ ዝቅ ያለ ነገር ተሰማኝ። ይሄን ሁሉ ግብር እየከፈልን መንገዱን እንዲህ ይተዉት ብዬ ተናደድኩ።

ሴትዮዋ ታብሌቷን ነካ ነካ አደረገችና «ወደ ግቢው እንመለስ» አለችኝ። ገና ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላንም እኮ! ደስ አለኝ። ባለሙያ ስታይ ታውቃለች ማለት ነው፣ ምን ያለፋታል? በመልሱ መንገድ የምገዛውን ትራክ ቀለም መረጥኩ፣ በሩ ላይ የልጄን ስም አጻፍኩ፣ የመጀመሪያውን ጭነት ቴክሳስ አድርሼ መጣሁ። ፈገግ አልኩላት። እሷ አላለችም፣ ሥራ ላይ ስለሆነች ነው።

አቁሜ ሞተር ሳጠፋ ታብሌቱን ወደ እኔ አዞረችው። የተሳቢው ጎማ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ወጥቷል። ይሄ ደግሞ ነጥብ የሚቀንስ ሳይሆን ወዲያው የሚጥል ነው። እኔ ከፊት ነው የነዳሁት፣ ከኋላ ተጎትቶ የመጣው ለሠራው ምን አገባኝ?

«ጥያቄ አለህ?» አለችኝ።

«13 ጫማ ከ10 ኢንች» አልኳት።

መነጽሯን አውልቃ ትንሽ አየችኝ። ከዚያ በሩን ከፍታ ወረደች።

ውጭ አንድ ሐበሻ ልጅ ወረቀቱን ጨብጦ ተራውን ይጠብቃል። ሲያየኝ ሮጦ መጣ። «ጋሼ፣ ፈታኟ እንዴት ናት?»

«ኧረ ጥሩ ሴት ናት፣ ብዙ አታደክምም» አልኩት።