የጉበት ጠባሳ ይለቃል ወይ?

ሥራዬ ላብራቶሪ ነው፣ እዚሁ ሐዋሳ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ። ቀኑን ሙሉ የሰው ክንድ አያለሁ። እጅጌው ሲሰበሰብ ክብ፣ ዙሪያው የጠቆረ፣ መሃሉ የሳሳ ጠባሳ ካየሁ ብዙ መጠየቅ አያስፈልገኝም፤ ሰውየው የወፍ በሽታ ይዞት ነበር፣ ቅጠል ተወቅጦ ተለጥፎበታል፣ ቆዳው ተልጦ ድኗል። በቀደም አንድ ጋሼ ይሄንኑ ጠባሳቸውን እያሳዩኝ፣ "ልጄ፣ ሐኪሙ ጉበትዎም ጠባሳ ጀምሯል አለኝ። የክንዴ ይኸው ከልጅነቴ ጀምሮ አልለቀቀም። የውስጡስ ይለቃል?" አሉኝ።

ጥያቄው አሪፍ ነው። ወረፋ ስለነበር ያኔ "አዎ፣ መንስኤው ከተነሳ ሊቀንስ ይችላል" ብዬ አለፍኩ። ረጅሙን መልስ እዚህ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ሰሞኑን ማታ ማታ የማነበው ስለዚሁ ነው፦ አርኤንኤ (ከዲኤንኤ የሚገለበጠው ቅጂ) ላይ የሚቀመጡ ጥቃቅን ምልክቶች የጉበት ጠባሳን እንዴት እንደሚያፋፍሙና እንደሚያበርዱ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ጠባሳው ከየት ይመጣል? እኛ አካባቢ ትልቁ ተጠያቂ ሄፓታይተስ ቢ ነው። ክትባቱ ከሌሎች ጋር ተዳብሎ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2007 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን አልተከተብንም። መጠጥ አለ። ስብና ስኳርም እየመጣ ነው። ሐይቁ ዳር ለምንኖር ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ፣ ከውኃ በቆዳ የሚገባ ትል የሚያመጣው በሽታ፤ አሞራ ገደል መረብ ሊጎትት እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ የሚገባው ልጅ ይሄን ስም ቢያውቀው ደስ ይለኛል። የትሉ እንቁላል በደም ሄዶ ጉበት ውስጥ ይቀረቀራል፣ ሰውነት ደግሞ ዙሪያውን በጠባሳ ያጥረዋል። ስለ ቢልሃርዚያ ከተነሳ ዶክተር አክሊሉ ለማን ሳላነሳ አላልፍም፦ በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ከዚያች እይታ ተነስተው እንዶድ በሽታውን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያሳዩ ሰው ናቸው።

ወደ ጉበቱ እንመለስ። መንስኤው ይለያይ እንጂ ጠባሳውን በዋናነት የሚሠራው አንድ ዓይነት ሕዋስ ነው፤ ስቴሌት ሴል ይባላል። ጀርመናዊው ኩፕፈር በ1876 ነው ያየው፣ ቅርጹ ኮከብ ስለመሰለው የኮከብ ሕዋስ አለው። ጤነኛ ጉበት ውስጥ ይሄ ሕዋስ ጸጥ ያለ ነው። በደም ቧንቧውና በዋናው የጉበት ሕዋስ መካከል ባለች ጠባብ ክፍተት ተቀምጦ ቫይታሚን ኤ ያጠራቅማል። ሰውነታችን ውስጥ ካለው ቫይታሚን ኤ አብዛኛው እሱ ጋ ነው ያለው፣ በትንንሽ የዘይት ጠብታ መልክ። ጉበት ሲጎዳ ግን ቲጂኤፍ ቤታ የሚባል መልእክት ይደርሰዋል። ያኔ ጠባዩ ይቀየራል። የዘይት ጠብታዎቹን ይጥላል፣ ይባዛል፣ ይኮማተራል፣ ኮላጅን፣ ማለትም ጠባሳው የሚሠራበትን ክር መሰል ፕሮቲን፣ ማምረት ይጀምራል። ኮላጅኑ ያቺን ጠባብ ክፍተት ሲሞላት ደምና የጉበት ሕዋስ እንደ ልብ መገናኘት ያቅታቸዋል፣ ወደ ጉበት የሚገባው ደም ግፊቱ ይጨምራል፤ ሆድ ውኃ የሚቋጥረው፣ ጣፊያ የሚያብጠው፣ በኋላ ደም የሚያስመልሰው የዚህ መዘዝ ነው።

አስተውሉ፣ ሕዋሱ ሲቀየር ዲኤንኤው አልተቀየረም። መጽሐፉ ያው ነው። የተቀየረው የትኛው ገጽ ስንት ጊዜ እንደሚነበብ ነው። አርኤንኤ እዚህ ጋ ይገባል። ከዲኤንኤ ተገልብጦ ወደ ፕሮቲን ፋብሪካው የሚሄደው ቅጂ፣ ኤምአርኤንኤ፣ ባዶውን አይሄድም። አንዳንዱ የኤ ፊደል ላይ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያላት ትንሽ ነገር ትለጠፍበታለች። ኤም6ኤ ይሏታል፤ ኤምአርኤንኤ ላይ መኖሯ ከ1974 ጀምሮ ይታወቃል። ድጓ ገልጣችሁ ካያችሁ ከቃሉ በላይ በጣም ደቃቅ ሆነው የተጻፉ የዜማ ምልክቶች አሉ አይደል? ቃሉን አይለውጡትም። መሪጌታው የት እንዲያነሳ፣ የት እንዲጥል፣ የት ቆረጥ እንዲያደርግ ነው የሚነግሩት። ኤም6ኤም እንደዚያ ናት፦ ፕሮቲኑ ያው ፕሮቲን ነው፣ ቅጂው ግን ቶሎ ይጥፋ ወይስ ይቆይ፣ ብዙ ይመረትበት ወይስ ጥቂት፣ የሚለውን ትወስናለች።

ይቺን ምልክት የሚጽፍ፣ የሚሰርዝና የሚያነብ ፕሮቲን አለ። ዋናው ጸሐፊ ሜትል3 ነው፣ ብቻውን ግን አይሠራም፣ ከሜትል14 ጋር ተጣምሮ ነው። ሰራዦቹ ኤፍቲኦ እና አልክቢኤች5 ናቸው። ኤፍቲኦ መጀመሪያ የታወቀው በ2007 ከውፍረት ጋር የተያያዘ ጂን ተብሎ ነበር፤ ሥራው ኤም6ኤን መሰረዝ እንደሆነ የታወቀው በ2011 ነው። ነገሩ የሞቀውም ከዚያ ወዲህ ነው፣ ምክንያቱም የሚሰረዝ ነገር ማለት የሚስተካከል ነገር ማለት ነው። አንባቢዎቹ ደግሞ ብዙ ናቸው፣ አንዳንዱ ምልክቷን ካየ ቅጂውን ያስጠፋል፣ አንዳንዱ ይንከባከበዋል። በነገራችን ላይ የ2023ቱ የሕክምና ኖቤል ለካሪኮና ለዋይስማን የተሰጠው በአርኤንኤ ማሻሻያ ነው፤ የኮቪድ ክትባቱ ላይ የተጠቀሙበት ማሻሻያ ሌላ ፊደል ላይ ያለ ሌላ ዓይነት ነው እንጂ ኤም6ኤ አይደለም።

አሁን አይጦቹ። ላብራቶሪ ውስጥ አይጥ ጉበት ላይ ጠባሳ ለመፍጠር የተለመደው ነገር ካርቦን ቴትራክሎራይድ የሚባል ኬሚካል ደጋግሞ መስጠት ነው። እንደዚህ ባሉ ሙከራዎች ስቴሌት ሴል ውስጥ ያለውን ሜትል3 ሲያጠፉት ወይም ሲቀንሱት ሕዋሱ እንደ በፊቱ አይቆጣም፣ ኮላጅኑም ይቀንሳል። ሰራዡን አልክቢኤች5ን ሲጨምሩም ወደዚያው ያደላ ውጤት ተገኝቷል። ይሄን ያነበበ ሰው "በቃ፣ ሜትል3ን ማጥፋት ነዋ!" ሊል ይችላል። ቆይ። ያንኑ ሜትል3 ከዋናው የጉበት ሕዋስ ውስጥ ገና ከመነሻው ሲያጠፉት አይጦቹ ጉበታቸው ራሱ ተጎዳ፣ ጠባሳም ያዘው። ያው ጸሐፊ፣ ያችው ምልክት፣ ሁለት ጎረቤት ሕዋሶች ውስጥ ተቃራኒ ውጤት! ለእኔ የዚህ ሁሉ ምርምር ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው። "አርኤንኤ ምልክት ሲበዛ መጥፎ፣ ሲያንስ ጥሩ" የሚል ነገር የለም። ማን ውስጥ፣ የትኛው ቅጂ ላይ፣ በየትኛው ጊዜ ነው ጥያቄው። ሜትል3ን የሚያግድ የሚዋጥ መድኃኒት ሰው ላይ ተሞክሯል፣ ኤስቲሲ-15 ይባላል፣ ግን የተሞከረው ለካንሰር ነው። ለጉበት ጠባሳ ብሎ መላ ሰውነት ውስጥ መልቀቁ እኔን ያስፈራኛል።

መፍትሔው ምናልባት አድራሻውን ማሳመር ነው። ስቴሌት ሴል ቫይታሚን ኤ ይወዳል ብለን የለ? ጃፓኖች በ2008 ይቺን ፍቅሩን ተጠቀሙባት። ኮላጅን እንዳይሠራ የሚያግድ አጭር አርኤንኤ በስብ ከረጢት አሽገው፣ ላዩን ቫይታሚን ኤ ለጥፈው ሰጡት፤ አይጦቹ ላይ ጠባሳው ቀነሰ። በኋላ ሰው ላይም ተሞክሯል። ኤም6ኤን በዚህ መንገድ ስቴሌት ሴል ውስጥ ብቻ መንካት ከተቻለ ያኔ ሌላ ወሬ እናወራለን።

እስከዚያስ? ጋሼን የሚመለከተው እሱ ነው። ጠባሳው ሕያው ነገር ነው፤ የሚሠራው አለ፣ የሚያፈርሱት ኢንዛይሞችም አሉ፣ መንስኤው ሲቆም ሚዛኑ ወደ ማፍረሱ ሊያጋድል ይችላል። ሰው ላይ በደንብ ታይቷል። በ2013 በታተመ ጥናት ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸው 348 ሰዎች ቴኖፎቪር የሚባለውን ቫይረሱን የሚያፍን መድኃኒት ወስደው፣ ከጉበታቸው ናሙና ከሕክምናው በፊትና ከአምስት ዓመት በኋላ ተወስዶ ነበር። 51 በመቶዎቹ ጠባሳቸው ቀንሷል። ሲጀምሩ ሲሮሲስ (ጠባሳው ጉበቱን የወረረበት የከፋ ደረጃ) ከነበረባቸው 96 ሰዎች 71ዱ በአምስተኛው ዓመት ሲሮሲስ አልነበረባቸውም። ይሄ ተራ ነገር አይደለም፣ መድኃኒቱ ደግሞ አገራችን ውስጥ ያለ ነው። ሁሉም ላይ ይሠራል ማለት ግን አይደለም፣ ጉበቱ በጣም ከተበላሸ የመመለሱ ነገር ይከብዳል።

ስለዚህ ቲክቶክ ላይ "ጉበት አጣቢ ሻይ" የሚሸጡትን ሳይ ደሜ ይፈላል። አሁን ደግሞ "በአርኤንኤ ደረጃ ያድሳል" ማለት ጀምረዋል፣ ቃሉን ከየት እንዳመጡት እንጃ። ጉበት ቱቦ አይደለም የሚታጠበው። ተወቅጦ የሚጠጣ ነገር ራሱ ጉበት ሊጎዳ ይችላል፤ ኤንዛይሙ ጣሪያ ነክቶ የመጣ ሰው "ምን ወሰድክ?" ሲባል መጀመሪያ "ምንም" ይላል፣ ቆይቶ ፌስታሉን ያወጣል።

ሄፓታይተስ ቢ ፖዘቲቭ ከሆናችሁ ውጤት ወረቀታችሁ ላይ ሁለት ቁጥር ፈልጉ፦ ኤኤስቲ (የጉበት ኤንዛይም ነው፣ አንዳንድ ወረቀት ላይ ኤስጂኦቲ ይላል) እና ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው)። ኤኤስቲውን ለላብራቶሪው ከፍተኛ ጤነኛ መጠን አካፍሉት፣ የመጣውን ለፕሌትሌቱ (በሺህ ለተቆጠረው) አካፍሉ፣ በ100 አባዙ። ለምሳሌ ኤኤስቲ 60፣ ጣሪያው 40፣ ፕሌትሌት 200 ከሆነ 0.75 ይመጣል። ኤፕሪ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው መመሪያ ከ0.5 በላይ ከሆነ ጠባሳ ሊኖር ይችላል፣ ሕክምና መጀመር ይታሰብበት ይላል፤ ከ1 በላይ ከሆነ ሲሮሲስ ይጠረጠራል። ፋይብሮስካን (የጉበትን ድርቀት የሚለካ መሣሪያ) ማግኘት ለማይችል ሰው ይሄ ወርቅ ነው። ያንን ቁጥር ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ እንጂ ራሳችሁ አትፍረዱ። ደግሞ ወባ ይዟችሁ በተሠራ ምርመራ አታስሉት፤ ወባ ፕሌትሌት ስለሚያወርድ ቁጥሩ ያለ ጥፋቱ ከፍ ብሎ ይወጣል። ወባውን ታከሙ፣ ስትድኑ እንደገና ተመርመሩ፣ ከዚያ አስሉ።