የደጀን ቁልቁለትና የፍሬን ዲስክ ምርጫዬ

መኪናዬን በራሴ እጅ መጠገን ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ቢሆንም፣ የፍሬን ዲስክ፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውንና ፍሬኑ ጨምቆ የሚያቆመውን ክብ ብረት፣ መርጬ ስገዛ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለዚህ ያበቃኝ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ስወርድ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር መሪው መንቀጥቀጡና ፔዳሉ እግሬን መልሶ መምታቱ ነበር። ደብረ ማርቆስ ተመልሼ ጎማውን ሳወልቅ፣ በዲስኩ ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ ውፍረት 20 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ መለኪያው 19.6 አሳየኝ። ቶርኖ ቤት ወስዶ የማስላጥ ሐሳቤ እዚያው ላይ ቀረ፤ ከልኩ በታች የወረደ ዲስክ ቢላጥ ይብሱን ይሳሳል እንጂ አይድንምና።

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ፊቱ በተበሳሳው ዲስክ ላይ ነበር፤ መልኩ ያማልላል። እርሳስ ይዤ ሳሰላው ግን ሐሳቤ ተለወጠ። ከነጭነቱ 1,300 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ ወደ 13 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ጉልበት ይለቃል፤ ይህም 38 ሊትር ውኃ ከ20 እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል። የዓባይ ቁልቁለት ከዚህም ይበልጣል። ከዚህ ውስጥ በከባድ ማርሽ ሞተሩ ከሚይዘውና ነፋሱ ከሚወስደው የተረፈው ሁሉ የሚያርፈው ፍሬኑ ላይ፣ ይበልጡንም በፊት ዲስኮች ላይ ነው። ሙቀቱን የሚሸከመው ብረቱ ሲሆን፣ ብሱ ግን ብረት ይቀንሳል፤ ዲስኩ እየጋለ ሲበርድም ስንጥቅ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከብሱ ጠርዝ ነው።

ስለዚህ በሁለቱ ገጾች መካከል የአየር መተላለፊያ ካላቸው፣ በስፋትም በቁመትም ከአሮጌው ጋር እኩል ከሆኑ ሁለት ዓይነት ዲስኮች ለመምረጥ ተገደድኩ። አንደኛው ርካሽ ነበር። ሁለቱንም ተሸክሜ ጎረቤት ወዳለው የእህል ነጋዴ ሚዛን ስሻገር ሻጩ «ዲስክ እንደ ጤፍ ይመዘናል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ፤ ርካሹ ግን በ400 ግራም ቀለለ። ከባዱን፣ ለግራና ለቀኝ ጥንዱን ዲስኩን ጨምቆ ከሚይዘው አዲስ የፍሬን ሸራ ጋር ገዛሁ።

በገጠማው ላይ ያጠፋሁት እኔው ነኝ። የዲስኩን የዝገት መከላከያ ቅባት በሚገባ ባጥብም፣ በግራ በኩል ያለውን የሞዞ (ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበት የመሐል ብረት) ዝገት በሽቦ ብሩሽ ሳልፍቀው ቸኩዬ ገጠምኩ፤ መሪውም እንደገና ተንቀጠቀጠ። ከዲስኩ ሥር የቀረች ቅንጣት ዝገት የምታመጣው ውልግድግድታ የዲስኩ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይጎላል። አውልቄ ከፈቅኩት በኋላ፣ ባዶ መንገድ ላይ ከ60 ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት አሥር ጊዜ ያህል በዝግታ እያበረድኩ ሸራውን ከዲስኩ ጋር አላመድኩት።

ባለፈው ሳምንት በሁለተኛ ማርሽ ስወርድ መሪው ዝም አለ። አሁን የሚቀረኝ የኋላውን ታምቡሮ፣ ማለትም በዲስክ ፈንታ ከበሮ መሳይ ብረት ያለውን ፍሬን፣ መክፈት ነው።